ሐኪሙ ከሄደ በኋላ፦ የደምቢ ዶሎ ቤቴል ቤተ ክርስቲያን ታሪክና የማኅበረ ምዕመናን አገልግሎት

(ለማኅበረ ምዕመናን ሽማግሌዎችና ዲያቆናት የቀረበ ንግግር፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ)

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ ዲያቆናት፣ የሴቶችና የወጣቶች ክፍል ተጠሪዎች፤

የደምቢ ዶሎን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከሐኪሙ ነው። አሜሪካዊ መጣ፣ ሆስፒታል ሠራ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ቤተ ክርስቲያን ተተከለች እንላለን። ሐሰት የለበትም፤ ግን ታሪኩን ከግማሽ ላይ ያቆመዋል። ዛሬ ምንጭ ስናጎለብትና የፊደል ትምህርት ስንከፍት የሚጠቅመን ደግሞ ሐኪሙ ከሄደ በኋላ የሆነው ነው። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1918 መጨረሻ፣ አባቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት ወረርሽኝ አገሩን ፈጀው። ደምቢ ዶሎ ያለችበት የሰዮ አገር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ከድንበሩ ማዶ በሱዳን፣ በሶባት ወንዝ ዳር ናስር በተባለ ቦታ አንድ ሐኪም እንዳለ ሰምተው ጠሩት። ሐኪሙ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበር፤ የላከችው የሰሜን አሜሪካ የተባበረች ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1919 መጥቶ ሥራ ጀመረ። የመጣበት መንገድ ሶባትንና ባሮን በጀልባ፣ ከጋምቤላ ወደ ደጋው ደግሞ በበቅሎ ነው። ባሮ መርከብ የሚያሳልፈው ውሃው በሚሞላበት በክረምት ብቻ ስለነበር፣ በዚያ ወራት ያልደረሰ ጭነት የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ሩቅ አገር ላይ የተንጠለጠለ አገልግሎት ገና ከመነሻው ምን ያህል ሊቋረጥ እንደሚችል ከዚህ ማየት ይቻላል።

ላምቢ ራሱ በሰዮ ብዙ አልቆየም። ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በጉለሌ ሌላ ሆስፒታል አቋቋመ። ለዚያ ሆስፒታል ዋናውን ገንዘብ የሰጠው በኦሃዮ ግዛት ኢስት ፓለስታይን በምትባል ትንሽ ከተማ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ የነበረው ደብልዩ ኤስ ጆርጅ ነው፤ ሆስፒታሉም በስሙ ተጠራ። በኋላ ላምቢ ከፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ወጥቶ በደቡብ ኢትዮጵያ በሌላ ሚስዮን ሥራ ጀመረ። የደምቢ ዶሎ ሥራ ግን አልቆመም፤ ሌሎች ሚስዮናውያን ያዙት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። የወለጋ ሰው የእግዚአብሔርን ቃል በቋንቋው ለማንበብ ሐኪሙን አልጠበቀም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር የደከመበት ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የታተመው በ1899 ነው፤ ላምቢ ሰዮ ከመድረሱ 20 ዓመት በፊት። መጽሐፉ ቀድሞ ነበር። የጎደለው አንባቢ ነበር፤ የአንባቢው ነገር እስከ ዛሬም የእኛ ሥራ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አማኞች ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው ጊዳዳ ሶለን ነው። በልጅነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጥፍቶት በገበያ ይለምን ነበር። ወንጌልን ሰምቶ አመነ፣ ቃሉን በጆሮው እየሰማ በልቡ አጠና፣ ሰባኪም ሆነ። (ልጁ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት እንደነበሩ ታውቃላችሁ።) ጣሊያን አገሩን ሲይዝ ሚስዮናውያኑ ወጡ። ገንዘቡም፣ መድኃኒቱም፣ የውጭ መምህሩም አብሮ ሄደ። በእነዚያ ዓመታት ቤተ ክርስቲያኒቱን የያዙት ጊዳዳና ማሞ ጮርቃ ከሌሎች የአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ነበሩ፤ እየመነመነች ሳይሆን እየበዛች ጠበቀቻቸው። ሚስዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ተመልካች የሌለው ተክል አልነበረም፤ ሥርዓት ያላት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በ1947 ቤቴል ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ተብላ ራሷን ቻለች፤ በ1974 ደግሞ ከኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። የምዕራብ ወለጋ ቤቴል ሲኖዶስ ዛሬም መቀመጫው ደምቢ ዶሎ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ባጭሩ ልለፈው። በደርግ ዘመን በምዕራብ ወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ ሕንጻዎች ተወረሱ፣ ምዕመናን በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። በ2013 መጀመሪያ ደግሞ መካነ ኢየሱስ በጋብቻ ትምህርት ልዩነት ምክንያት ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያንና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። አንዴ በጦርነት፣ አንዴ በአብዮት፣ አንዴ በትምህርተ እምነት፤ ምክንያቱ ይለያያል እንጂ የውጭ እጅ ሊቋረጥ እንደሚችል ታሪካችን ሦስት ጊዜ አሳይቶናል። ስለዚህ ማንኛውም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሲታቀድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይረዳናል?» መሆን የለበትም። «ረጂው ሲሄድ ማን ይይዘዋል?» ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የፕሬስቢቴሪያን ሥርዓት የሰጠን መሣሪያ የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ቄሱ ጉባኤውን ይመራል እንጂ ብቻውን አይወስንም፤ ሽማግሌዎቹን የሚመርጠው ምዕመኑ ነው። በአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሥርዓት የሽማግሌ ዘመን ሦስት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛው ይቀየራል፤ በተከታታይም ከስድስት ዓመት በላይ ማገልገል አይቻልም። ጥበቡ ግልጽ ነው፦ በየትኛውም ዓመት ከጉባኤው ሁለት ሦስተኛው ሥራውን የሚያውቅ ይሆናል፣ አንድ ሦስተኛው ደግሞ አዲስ ዓይን ይዞ ይመጣል። ቃለ ጉባኤው በጸሐፊው እጅ ይያዛል፤ በየዓመቱም ለበላይ ጉባኤ ለምርመራ ይቀርባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚቀይር ማኅበረ ምዕመናን የምንጩን ውል፣ የብድሩን ደብተር፣ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ያጣል። ፈጽሞ የማይቀይር ደግሞ ሽማግሌው ሲታመም ሥራው አብሮ ይታመማል። ሁለቱም በየቦታው የምናያቸው ናቸው።

ሌላው ከአባቶቻችን የወረስነው ነገር ሰውን አለመክፈል ነው። በ1972 መካነ ኢየሱስ፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለወንጌል መንፈግ ሰውን ለሁለት መቁረጥ መሆኑን ተናግራለች። ደብዳቤው ለውጭ ረጂዎች የተጻፈ ቢሆንም ለእኛም ይሠራል። ስብከት ብቻ ይዘን ሰው ከኩሬ ሲጠጣ ዝም የምንል ከሆነ የቆረጥነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ ፊደሉን ላንሣ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከተማሪው ጋር ሳይሆን ከአስተማሪው ጋር ይበላሻል።

በደምቢ ዶሎና በአካባቢው ዛሬ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አንድ ቤት ውስጥ ይኖራል። አያት የሚያውቁት በግዕዝ ፊደል የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ከ1991 ወዲህ በተስፋፋው ቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ይማራል። ስለዚህ ጎልማሶችን መዝግባችሁ በአንድ ክፍል አትክተቱ። ፈጽሞ ፊደል ያልቆጠረና በግዕዝ ፊደል ማንበብ የሚችል ሰው ሁለት የተለያዩ ተማሪዎች ናቸው። የመጀመሪያው የድምፅን ነገር ከሥሩ ይማራል። ሁለተኛው ማንበብ ያውቃል፤ የሚቸግረው አናባቢን መድገም ነው። በቁቤ ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ጠብቆ የሚነገር ተነባቢም እንዲሁ፤ የግዕዝ ፊደል ግን ሁለቱንም አያሳይም። ስለዚህ ይህ ተማሪ ሲያነብ ብዙም አይሳሳትም፤ ሲጽፍ ግን ድርቡን ይተዋል፣ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። ለእርሱ ከንባብ ይልቅ የቃል ጽሕፈት ይበልጣል፦ በየትምህርቱ አስተማሪው አሥር ቃል ይጥራ፣ ተማሪው ይጻፍ፣ ወዲያው ይታረም።

በግዕዝ ፊደል በአማርኛ ለሚጀምሩ ደግሞ ትልቁ ወጥመድ ዜማው ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ናቸው። ሀ ሁ ሂ እያለ ከላይ እስከ ታች የሚዘምር ተማሪ ያወቀ ይመስላል፤ «ሙ»ን ለብቻዋ ብትጠቁሙለት ግን ከ«መ» ጀምሮ በልቡ ካልቆጠረ አያገኛትም። ስለዚህ በየሳምንቱ መጨረሻ ፊደሎቹ በካርቶን ተቆርጠው ይደባለቁና አንድ በአንድ ይጠየቁ። ከአሥር ስምንት ያልመለሰ ወደሚቀጥለው ረድፍ አይለፍ። መዝሙሩን አትከልክሉ፤ ለማስታወስ ይረዳል፣ ፈተና ግን አይደለም።

የጊዜው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ክፍሎችን የሚዘጋው ግን እርሱ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ይበቃል። በቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ አዲስ ክፍል አትክፈቱ፤ የመጡት በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋሉ፣ ከጠፉ በኋላ ደግሞ ለመመለስ ያፍራሉ። ከየካቲት ጀምራችሁ ክረምቱ ሳይገባ መንገዱን አጋምሱ። ሴቶች የሚቀሩት ስላልፈለጉ አይደለም፤ ልጅ የሚይዝላቸው ስለሌለና ሲመሽ ብቻቸውን ስለሚመለሱ ነው። ሁለት ወጣት ሴቶች ልጆቹን በጎን ክፍል ቢይዙ፣ ትምህርቱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢያልቅ፣ የመቅረቱ ነገር በእጅጉ ይቀንሳል። ለአስተማሪው ማበረታቻ ከተሰጠ ከምዕመኑ መዋጮ ይሁን፤ ትንሽ ቢሆንም የማይቋረጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ሥራ ምንጭ ማጎልበት ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ገንዘብ የሚፈስበትም፣ ስሕተቱ ለዓመታት የሚታይበትም ይህ ነውና።

መጀመሪያ መለካት። በክረምት ወይም በጥቅምት አትለኩ፤ ያኔ ሁሉም ምንጭ ጥሩ ነው። በበጋው መጨረሻ፣ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ለኩ። ውሃውን በጭቃ ግድብ አንድ ቦታ ሰብስባችሁ በቧንቧ ቁራጭ አውጡት፤ የ20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። 100 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ 0.2 ሊትር ነው፤ በ24 ሰዓት 17,280 ሊትር ይሆናል። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብናስብ ለ690 ሰው ያህል ይበቃል። ይህ ግን የሌሊቱ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ ካለ ነው። ከሌለ የ12 ሰዓቱ ብቻ ይጠቅማል፤ ወደ 345 ሰው ይወርዳል። ብዙ ኮሚቴ ስሌቱን በ24 ሰዓት አድርጎ ገንዳውን ከወጪ ለመቀነስ ይተወዋል። ከዚያ ጠዋት ሰልፍ፣ ሌሊት የሚፈስ ውሃ፣ በሰልፉም ጠብ ይሆናል።

ሁለተኛ መሬቱ። ምንጩ ያለበት ማሳ ባለቤት አለው። በቃል የተሰጠ መሬት ባለቤቱ ሲሞት በልጆቹ ይጠየቃል። ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር የቀበሌው አስተዳደር ባለበት ይፈረም፣ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትም ያውቀው፤ የውሃ ምርመራውንም ጽሕፈት ቤቱ እንዲያግዝ ጠይቁ።

ሦስተኛ ቁፋሮው። ውሃው ላዩ ላይ ከሚታይበት ተነሥታችሁ ወደ ዓይኑ ቁፈሩ፤ ከጠጠር ወይም ከስንጥቅ ድንጋይ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ከሥሩ ያለውን ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር አትብሱት፤ ከተበሳ ውሃው ወደ ታች ይሰወራል። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ግን ሌላ ነው፦ የምንጩን ውሃ የሚሰበስበውን ሳጥን ሠርቶ ውሃው ብዙ እንዲጠራቀም ማስተንፈሻውን፣ ማለትም ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን ቧንቧ፣ ከፍ ማድረግ። ውሃው ከቀድሞው ከዓይኑ ከፍታ በላይ እንዲቆም ከተገደደ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለስና በጎን ሌላ መውጫ ያበጃል። ሰው «ምንጩ ተቆጣ» ይላል፤ የሆነው ግን ይህ ነው። ስለዚህ ማስተንፈሻው ሁልጊዜ ከዓይኑ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ።

ከዓይኑ ፊት የታጠበ ድንጋይና ጠጠር ይደርደር፤ ትልቁ ከሥር፣ ደቃቁ ከላይ። ከጠጠሩ በላይ የተረገጠ የሸክላ አፈር ይልበስ፤ የዝናብ ውሃ እንዳይገባ። ሳጥኑ ሦስት ቧንቧ ይኖረዋል፦ ወደ ቦኖው የሚወስደው ከወለሉ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ደለል እንዳይገባበት፤ ማጠቢያው ከወለሉ እኩል፤ ማስተንፈሻው ከላይ፣ አፉ በወንፊት ተሸፍኖ፣ እንቁራሪትና አይጥ እንዳይገባ። ለክዳኑ ኮንክሪት አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር፤ ለግንቡ ሙሌት አንድ ለሦስት። ከዚያ ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ለብሶ ውሃ እየጠጣ ይቆይ። ለምረቃ ተቸኩሎ በሦስተኛው ቀን ውሃ የተሞላ ሳጥን ይሰነጠቃል። ሲያልቅ በክሎሪን ይታጠብ፤ የመጀመሪያው ውሃ ይደፋ።

ከምንጩ በላይ ከስምንት እስከ አሥር ሜትር ርቆ የጎርፍ መቀየሻ ቦይ ይቆፈር፣ ዙሪያው ይታጠር። ከላይ በኩል ሽንት ቤት አይኑር፤ በጎንም ቢሆን ከ30 ሜትር አይቅረብ። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ አትትከሉ፤ ያለም ካለ ከባለቤቱ ጋር ተስማምታችሁ አስወግዱ። ከማስተንፈሻው የሚተርፈው ውሃ ራቅ ብሎ ለከብት ገንዳ ይሁን፤ ገንዳ ያላገኘ ከብት አጥሩን ጥሶ ይገባል።

አራተኛ ኮሚቴው። ሰባት ሰው ይበቃል፤ ቢያንስ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ፣ ገንዘብ ያዧም ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ ውሃ የምትቀዳው እርሷ ናትና ሲበላሽ ቀድማ ታውቃለች። ኮሚቴው የቤተ ክርስቲያን ሳይሆን የመንደሩ ነው። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ የሌላ ማኅበር አባሉም ይቀመጥበት። ውሃ ለመቅዳት ማንም የእምነት ጥያቄ አይጠየቅ፣ በቦኖው ላይም ስብከት አይደረግ። የሚጠማን ሰው አስቁሞ መስበክ ወንጌሉን ያረክሳል ብለን እናምናለን። ሰው ስለምን እንደምንሠራ ሲጠይቅ መልሱ አለን፤ ጠያቂ ይምጣ።

መዋጮው በዕድር ልማድ ይሁን፦ በወር አንድ ቀን፣ በተወሰነ ቦታ፣ ስም እየተጠራ፣ ደብተሩ ለሁሉም ክፍት ሆኖ። ሕዝቡ ይህን ሥርዓት ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል፤ አዲስ ማስተማር አያስፈልግም። ቦኖ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ነገር አይደለም፤ በቧንቧው መክፈቻ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎማ ታልቃለች፣ ሰው አጥብቆ ይዘጋል፣ ጥርሱ ይላጫል፣ ውሃው ሌት ተቀን ይፈስሳል። ስለዚህ ትርፍ ጎማ፣ አንድ ትርፍ መክፈቻ፣ አንድ ሳራቺኔስካ (የውሃ መስመር መዝጊያ) እና መፍቻ በመንደሩ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከተማ ድረስ የሚያስኬድ ጥገና ወር ይፈጃል። ሳጥኑ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባና ክረምት ሲወጣ፣ ይታጠብ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። ለምንጭ የተሰጠ ብር ከሕንጻ ማሠሪያ ብር ጋር በአንድ ደብተር አይያዝ። ማንም ሳይሰርቅ እንኳ ይጠፋል፤ ለጣሪያው ቆርቆሮ «ለጊዜው» ይበደሩታል፣ ምንጩ ሲደርስ ቆርቆሮው ተመትቷል። መባው ከአምልኮ በኋላ በሁለት ሰው ይቆጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ከባንክ የሚወጣውም በሁለት ፊርማ ይሁን። ባልና ሚስት ወይም ወንድማማች ሁለቱን ፊርማ አይያዙ።

የመጨረሻው የርክክቡ ጉዳይ ነው። ሽማግሌ ዘመኑን ሲጨርስ በምስጋናና በጭብጨባ ብቻ አትሸኙት። የምንጩ ውል ቅጂ፣ የመጋቢት ልኬቱ ሰከንድ በየዓመቱ የተመዘገበበት ደብተር፣ የፊደል ክፍሉ ስም ዝርዝር፣ የመለዋወጫው ሳጥን ቁልፍና የባንክ ደብተሩ አንድ በአንድ በቃለ ጉባኤ ተጽፈው ተተኪው ይፈርምባቸው። ከዚያም ወጪውና ገቢው ሽማግሌ አብረው ወደ ምንጩ ይሂዱ፤ የማጠቢያው ቧንቧ የቱ እንደሆነ፣ ሳራቺኔስካው በየትኛው ድንጋይ ሥር እንዳለ በእጃቸው ተነካክቶ ይታይ። ይህን በመጪው የሽማግሌዎች ምርጫ ጀምሩት።